ጦርነቱ ለምን አልታየህም? ስለ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ጨለማ ክፍል

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። ጌም ኦፍ ትሮንስን ሰው ሁሉ አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የጀመርኩት። እስከ 8ኛው ሲዝን ድረስ ምንም ችግር አልነበረም። 3ኛው ክፍል ላይ ግን፣ ያ ብዙ የተወራለት ጦርነት ሲጀመር፣ ቲቪው ጠቆረ። ጩኸት ይሰማል፣ ጎራዴ ይፋጫል፣ ማን ማንን እንደሚገድል ግን አይታይም። ብራይትነሱን እስከ ጥግ ብወስደው ግራጫ ጉም ሆነ። ባለቤቴ ቲቪው ተበላሽቷል ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ኦሌድ የሚባለውን ቲቪ ካልገዛህ አታየውም ይለኛል። ያየሁት ከፍላሽ ነው፣ 43 ኢንች ቲቪ ላይ። ችግሩ የኔ ነው የነሱ?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ ባለቤትህን አረጋጋት። ቲቪው ጤነኛ ነው። ወንድምህንም ብሩን ለሌላ ነገር እንዲያስብልህ ንገረው። ያንን ክፍል በወጣበት ሌሊት ከፍለው ያዩ አሜሪካኖችም፣ በትልልቅ ስክሪን፣ አንተ ያልከውን ነው ያሉት። «ምንም አይታይም!» ብለው ኢንተርኔቱን አጥለቅልቀውት ነበር።

ጥፋቱን ሦስት ወገኖች ይካፈሉታል። ሆን ብለው አጨልመው የሠሩት ሰዎች አሉ። ምስሉን ጨምቆ ቤትህ ያደረሰው መንገድ አለ። ሳሎንህም አለ። ድርሻቸው እኩል አይደለም። በተለይ ከፍላሽ ላየ ሰው ትልቁን ዕዳ የሚሸከመው መሀለኛው ነው።

ሥራዬ ከለር ግሬዲንግ ነው። ተቀርጾ የመጣ ምስል ላይ ብርሃኑንና ቀለሙን አስተካክላለሁ፤ ማስታወቂያ፣ ክሊፕ፣ አልፎ አልፎ ፊልም። በሙያችን ሰዎች መሀል የዚህ ክፍል ክርክር እስከዛሬ አልበረደም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብመልስልህ አትቀየመኝ።

ክፍሉ «ዘ ሎንግ ናይት» ይባላል። የወጣው ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የፋሲካ ዕለት ነበር። እኛ ጋ ሰዓቱ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስለወደቀ፣ ዶሮውን በልቶ ሳይተኛ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። ርዝመቱ 82 ደቂቃ ነው፤ ከተከታታዩ ክፍሎች ሁሉ ረጅሙ። ዳይሬክተሩ ሚጌል ሳፖችኒክ፣ የካሜራው ኃላፊ ፋቢያን ዋግነር ናቸው። የውጪውን ጦርነት ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በ55 ሌሊት ነው የቀረጹት። ሰባት ሲዝን ሙሉ እርስ በርስ ሲባሉ የከረሙት ቤቶች፣ ስታርኩም ታርጋሪያኑም፣ ከላኒስተርም ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አንድ ግንብ ውስጥ ተሰብስበው የሞተውን ሠራዊት ይጠብቃሉ። ሰርሴ ብቻ ናት የቀረችው።

አንተ በደንብ ያላየኸውን አንድ ትዕይንት ልንገርህ። የዶትራኪ ፈረሰኞች ከዊንተርፌል ግንብ ፊት ተሰልፈዋል። ከፊታቸው ድፍን ጥቁር ሜዳ ነው። ካህኗ መሊሳንድሬ በፈረስ ትመጣለች፣ የአንዱን ፈረሰኛ ጎራዴ ይዛ ጸሎቷን ታደርሳለች። በአንዴ የሰልፉ ጎራዴ ሁሉ በእሳት ይያያዛል። ከዚያ ይጋልባሉ። ካሜራው እነሱን ተከትሎ ብዙ አይሄድም። ተመልሶ ግንቡ አጠገብ ከቀሩት ሰዎች ጋር ይቆምና ከሩቅ ያያቸዋል። የእሳቱ ሰልፍ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከጨለማው ጋር ይገጥማል። ከዚያ መብራቶቹ ይጠፋሉ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ ቀስ በቀስ ሁሉም። ሜዳው ተመልሶ ድፍን ይላል። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚመለሱት ጥቂት ናቸው። ከነሱ ጋር የጋለበው ጆራ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ሜዳው በጨረቃ ብርሃን ፍንትው ብሎ ቢታይ ትዕይንቱ ይሞት ነበር። የሚያስፈራው ጠላቱን አለማየትህ ነው። ስለዚህ ጨለማው ስህተት አይደለም፤ አስበውበት ነው። ይሄን ትዕይንት በደህና ኮፒ ያየ ሰው አይረሳውም። በመጥፎ ኮፒ ብታየውም እሳቱ ቢያንስ ይታይሃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተው ሠራዊት መሪ ናይት ኪንግ የበረዶ ማዕበል ያመጣል። ድራጎኖቹ ደመና ውስጥ ይገባሉ። እሳት የለም፣ ጨረቃዋም ተጋርዳለች፤ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዓይንህን የሚያደክመው የጨለማው ብዛት አይደለም። የንጽጽር መጥፋት ነው፤ እኛ ኮንትራስት የምንለው።

ይሄን ለማየት እዚያው ተከታታይ ውስጥ ተመለስ። 2ኛው ሲዝን 9ኛው ክፍል፣ የብላክዋተሩ ጦርነት፣ ሙሉ በሙሉ የሌሊት ነው። ዳይሬክተሩ ኒል ማርሻል ነበር። ያ አረንጓዴ እሳት ውሃው ላይ ሲፈነዳ ታስታውሳለህ? ማን የት እንደቆመ ጠፍቶህ ነበር? አልጠፋህም። ፊቶቹን ችቦ ወይም እሳት ያበራቸዋል፣ ከኋላቸው ያለው ጥቁር ነው። ጥቁርና ብሩህ እዚያው አንድ ፍሬም ውስጥ አሉ። ዓይን ብሩሁን ይዞ ጥቁሩን ይረዳል። ማዕበሉ ውስጥ ግን የሚይዘው ነገር ያጣል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው።

«ካሜራው ራሱ አላየም» የሚል ወሬ ሰምተህ ከሆነ እርሳው። ተከታታዩ የተቀረጸው በአሪ አሌክሳ ካሜራ ነው። ጨለማ ውስጥ ያለን ነገር ለቅሞ በማስቀረት ይሄን ካሜራ የሚያማ የለም። ምስሉ ተቀርጿል። ግሬዲንግ የሠሩት ሰዎችም መብራት በተቀነሰበት ክፍል፣ በውድ ሞኒተር፣ ጥላ ውስጥ የቆመውን ሁሉ እያዩ ነው የሠሩት። ዋግነርም ትችቱ ሲበዛበት ይሄንኑ ተናገረ። ራሱ ስለቀረጸው ጨለማ እንዳልነበረ እንደሚያውቅ፣ ብዙ ሰው ቲቪውን በትክክል ማስተካከል እንደማይችል፣ እንደ ሲኒማ መብራት ጠፍቶ መታየት እንዳለበት ገለጸ። ተከታታዩን ያሰራጨው የኤችቢኦ ኮምፕሬሽንም፣ ማለትም ምስሉን መጨመቁ፣ እንደጎዳው አነሳ።

ኮምፕሬሽኑ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። ብዙውን ጊዜ ቤት የምናየው ቪዲዮ 8 ቢት ነው። ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ አለው ማለት ነው። የቲቪ ቪዲዮ ግን ሁሉንም አይጠቀምም፤ ጥቁር 16 ላይ ይጀምራል፣ ነጭ 235 ላይ ያበቃል። በእጃችን የሚቀረው 220 ደረጃ ነው። የቀን ትዕይንት በዚህ ሁሉ ላይ እንደልቡ ይንሸራሸራል። ምስሉ በሙሉ ታችኛው አንድ አምስተኛ ላይ ከተቀመጠስ? 44 ደረጃ ብቻ። ፈረሱም፣ በረዶውም፣ ሰማዩም፣ የሞተው ሠራዊትም በ44 ዓይነት ግራጫ መሳል አለባቸው። ሰማዩ ከነዚህ አሥሩን ብቻ ካገኘ፣ 1920 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ላይ እያንዳንዱ ግራጫ በአማካይ 192 ፒክስል የሚሰፋ ሰንበር ይሆናል። ደመናው ላይ የምታያቸው እነዚያ ቀለበት ቀለበት የሚመስሉ መስመሮች የሚመጡት ከዚህ ነው። ባንዲንግ እንላቸዋለን።

ይሄ ገና ሳይጨመቅ ነው። ምስሉን የሚጨምቀው ኢንኮደር ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም እንዳለ አያስቀምጥም። ካለፈው ፍሬም ምን ተቀየረ ብሎ ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። ሁለት ሰው ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ትዕይንት ርካሽ ነው፤ የሚቀየረው አፋቸው ብቻ ነው። በረዶ የሚዘንብበት፣ ጭስ የሚተራመስበት፣ ሺህ ሰው የሚሯሯጥበት ትዕይንት ግን እያንዳንዷ ካሬ በየፍሬሙ ትቀየራለች። የተመደበው ዳታ አይበቃም። ያኔ ኢንኮደሩ በወር መጨረሻ ገበያ የወጣ ሰው ይሆናል፤ የግዱን ይገዛል፣ ሌላውን ያልፋል። የሚያልፈው ትንንሽ ልዩነትን ነው። ሁለትና ሦስት ደረጃ ብቻ የሚለያዩ ጥቁር ግራጫዎችን «ያው አንድ ናቸው» ብሎ ይደፍጥጣቸዋል። በዚህ ክፍል ውስጥ የወታደሩ ትከሻና ከኋላው ያለው ሌሊት የሚለያዩት በዚያችው ሁለትና ሦስት ደረጃ ነው። ስለዚህ ወታደሩ ይጠፋና በቦታው የሚንቀጠቀጡ ካሬዎች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ስርጭት ራሱ በዚህ ተመትቷል። በዚያን ጊዜ 4ኬም (ብዙ ፒክስል ያለው ምስል)፣ ኤችዲአርም (ከጥቁር እስከ ብሩህ ሰፋ ያለ ክልል የሚይዝ ምስል) አልነበረውም። አንተ ያየኸው ደግሞ የዚያ ልጅ ነው፤ ምናልባትም የልጅ ልጅ። አንድ ሰው ከስትሪሚንግ አወረደው፣ ሌላው አሳነሰው፣ ሦስተኛው ለስልክ እንዲመች ዳግመኛ ጨመቀው። እስቲ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገህ መጠኑን እይ። 350 ሜጋባይት ነው እንበል። በ82 ደቂቃ ስታካፍለው በሴኮንድ 0.57 ሜጋቢት ይደርሰዋል፣ ድምፁን ጨምሮ። የብሉሬይ ዲስክ ለምስል ብቻ በሴኮንድ እስከ 40 ሜጋቢት ይፈቅዳል። 70 እጥፍ ነው! በዚህ ፋይል ላይ ምንም ዓይነት ቲቪ ብታመጣ የተጣለ ነገር አይመለስም። ብራይትነሱን ጥግ ስታደርሰው ግራጫ ጉም ያየኸውም ለዚህ ነው። ከሥር የተደበቀ ወታደር የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ ፋይሉን መቀየር ነው። ሕጋዊ ስትሪሚንግ የምታገኝ ከሆነ ወይም ውጪ አገር ያለ ዘመድ ዲስክ የሚልክልህ ከሆነ ያንን ያዝ። የሲዝኑ 4ኬ ዲስክ በ2019 መጨረሻ እንደ አውሮፓውያኑ ወጥቷል። ባለ 10 ቢት ነው፤ በ256 ፈንታ 1024 ደረጃ አለው። ኤችቢኦ ማክስ ላይም በ2022 ሙሉ ተከታታዩ በ4ኬ ተጭኗል። ዲስኩን ሳየው የማዕበሉ ትዕይንት እንኳ ቅርጽ ነበረው። ድራጎኖቹ ደመና ውስጥ የሚፈላለጉበት ቦታ ግን በዲስኩም ጭጋግ ነው፤ ያንን በሠሪዎቹ ሒሳብ ጻፈው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትልቅ ፋይል ነው ብለህ ኤችዲአር የተባለውን ወስደህ ኤችዲአር በማይችል ቲቪ ላይ እንዳትከፍተው። የታጠበ ልብስ የመሰለ ፈዛዛ ምስል ያመጣልሃል። ዶልቢ ቪዥን የሚባለው የኤችዲአር ዓይነት አንዳንዱ ፋይል ጭራሽ አረንጓዴና ሐምራዊ ይሆናል። ያኔ ባለቤትህ የባሰ ትደነግጣለች። ቲቪህ መደበኛ ከሆነ፣ ተራውን 1080ፒ በደህና መጠን ፈልግ። ለዚህ ክፍል ከ3 ጊጋባይት በታች የሆነውን እኔ አልነካውም።

ቀጥሎ ሳሎንህ። ስክሪን መስታወት ነገር ነው። ጣሪያ ላይ ያለው አምፖል፣ ነጭ ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ላዩ ላይ ያርፋሉ። የስክሪንህ ጥቁር ከሚያንጸባርቀው ብርሃን በታች ሊወርድ አይችልም። ያቺ ሁለት ሦስት ደረጃ ልዩነት በአንድ አምፖል ትዋጣለች። ዓይንም ጊዜ ይፈልጋል፤ ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን በደንብ እስኪለምድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ መብራቱን ክፍሉ ሲጀምር ሳይሆን ቀደም ብለህ አጥፋ። እንደ ቀልድ አትውሰደው እንጂ፣ ይሄን ክፍል ለማየት የሚመቸው መብራት የሄደ ለት ነው፤ ላፕቶፕህ ቻርጅ ካለው። የተቀመጥክበት ቦታም ለውጥ አለው። ብዙ ርካሽ ስክሪኖች ከጎን ሲታዩ ጥቁራቸው ይፈዛል። ለዚች 82 ደቂቃ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር አንተ ያዝ።

አሁን ሪሞቱን አንሳ። ቲቪህ ምናልባት «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» በሚባለው ላይ ነው ያለው። ሱቅ ውስጥ እንዲያብለጨልጭ የተሠራ ነው። ወደ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» ቀይረው። መጀመሪያ ላይ ቢጫ ይመስልሃል፤ አሥር ደቂቃ ስጠው። ኢኮ ወይም ፓወር ሴቪንግ የሚለውን አጥፋ፤ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ የጀርባ መብራቱን እየቀነሰ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። ዳይናሚክ ኮንትራስትንም አጥፋ፤ ጥቁሩን የበለጠ የሚያጠቁረው እሱ ነው።

ከዚያ ብራይትነስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ በአምራቾቹ ጥፋት። በብዙ ቲቪ ላይ ብራይትነስ የሚባለው ስክሪኑን አያደምቅም፤ ጥቁር ከየት እንደሚጀምር ነው የሚወስነው። ስክሪኑን የሚያደምቀው ባክላይት፣ የጀርባ መብራቱ፣ ነው። በሶኒና በአዳዲስ ሳምሰንግ ላይ ግን ብራይትነስ ራሱ የጀርባ መብራቱ ነው፣ የጥቁሩ ልክ በሌላ ስም ተቀምጧል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የክፍሉ መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝር ሲወርድ ፖዝ አድርግ። ጀርባው ጥቁር ነው። ብራይትነሱን ስትጨምር ጥቁሩ ብቻውን ግራጫ ከሆነ የጥቁሩን ልክ እየነካህ ነው። ግራጫ እስኪሆን ጨምረህ፣ ተመልሶ ጥቁር እስኪሆን ቀንስ። እዚያው አቁም። ባክላይቱን ግን እንደፈለግህ ከፍ አድርግ።

እውነተኛው መድኃኒት ግን ጋማ ነው። ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ እንዳለ ትቶ መሀሉን ብቻ ያነሳል። ኤልጂ ላይ ጋማን ከ2.4 ወደ 2.2፣ ካልበቃህም ወደ 1.9 አውርደው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥላው ይከፈታል። አዳዲስ ሳምሰንግ ላይ «ሻዶው ዲቴል» የሚለውን ጨምር። ቲቪህ ይሄ ሁሉ ከሌለው፣ ላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ ክፈተውና ከኢፌክት ማስተካከያው ውስጥ ጋማውን ትንሽ ሳበው። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ብዙ ስትስበው ያ ካሬ ሁሉ ይወጣል።

ላፕቶፕህን በኤችዲኤምአይ ከቲቪው ጋር የምታገናኝ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ቅድም ጥቁር 16 ላይ ይጀምራል አላልኩህም? ኮምፒውተር ግን ከ0 መጀመር ይችላል። ላፕቶፑ ከ0 እየላከ ቲቪው ከ16 የሚጠብቅ ከሆነ፣ ከ16 በታች የመጣውን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ይውጠዋል። በቀን ትዕይንት ልብ አትለውም። በዚህ ክፍል ግን ግማሹን ጦርነት ይበላብሃል። በላፕቶፑ የግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ «ፉል» ወይም «ሊሚትድ» የሚል ምርጫ አለ፤ ቲቪው ላይም «ብላክ ሌቭል» የሚል። ሁለቱ ይስማሙ። አንዱን ቀይረህ ምስሉ ቁጭ ሲል ታየዋለህ።

ስለ ኦሌድ። ወንድምህ ፍጹም አልተሳሳተም። ኦሌድ ላይ ጥቁር ማለት የጠፋ ፒክስል ነው፤ በደህና ፋይልና በጨለማ ክፍል ይሄ ክፍል ያምራል። ግን ያንን 350 ሜጋባይት ፍላሽ ኦሌድ ላይ ብትሰካው፣ ጥሩ ስክሪን ስለሆነ የተደፈጠጡትን ካሬዎች አጥርቶ ያሳይሃል። ለአንድ ክፍል ብለህ አትግዛ።

የነሱን ጥፋት ደግሞ ልንገርህ፤ «ቲቪያችሁን አስተካክሉ» የሚለው መልስ ስላልተዋጠልኝ። ምስሉ በምን ዓይነት መንገድ ሄዶ የት እንደሚታይ የኤችቢኦ ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሲኒማ ቤት አይደለም የሚታየው። እኛ እንኳ የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ ስንሠራ፣ ደንበኛ ጋ ከመሄዱ በፊት በርካሽ ቲቪና በስልክ፣ መብራት አብርተን እናየዋለን። ጥላ ውስጥ ያለ ፊት ስልክ ላይ ከጠፋ ትንሽ እናነሳዋለን። ማዕበሉ ውስጥ አንዲት ችቦ፣ አንድ የሚያበራ ጠርዝ ጣል ቢያደርጉ ኖሮ ፍርሃቱ አይቀንስም ነበር። ግንቡን የከበበው ቦይ በእሳት ሲያያዝ ምስሉ እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ እይ፤ ሲፈልጉ ይችሉበታል። ደግሞ የኤሚ ሽልማቱን እይ፤ ክፍሉ በኤዲቲንግ፣ በድምፅና በራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ አሸንፏል። ጆሮ ምንም አላጣም፤ አንተም ብትሆን ጩኸቱን በደንብ ሰምተሃል።

ትምህርት ወስደው ይሆን? በ2022 ከዚህ በፊት የነበረውን ታሪክ የሚተርከው ተከታታይ፣ የ«ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን»፣ 7ኛ ክፍል ሲወጣ፣ በዚያው በሳፖችኒክ ዳይሬክተርነት፣ የባሕር ዳርቻው ሌሊት አልታይ ብሎ ሕዝቡ ተመሳሳይ ጩኸት አሰማ። የኤችቢኦ ማክስ ምላሽ የብርሃኑ መደብዘዝ ሆን ተብሎ የተደረገ የፈጠራ ውሳኔ ነው የሚል ነበር። እዚያ ክፍል ስትደርስ እኔ ጋ እንዳትመጣ፤ ጋማውን የት እንደምታገኘው አሁን ታውቃለህ።

ወደ 4ኛው ክፍል ዘለህ ከሆነ ግን ተመለስ። አርያ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በመደርደሪያዎቹ መሀል እየተሽሎከለከች የምታልፍበትን ትዕይንት ማየት አለብህ። ጠብ የምትል የደም ጠብታ እንኳ የምትሰማበት ነው፣ ብርሃኑም ይበቃል። ይሄን ሁሉ አድርገህ እሱም ካልታየህ፣ የቲቪህን ሞዴልና የፋይሉን መጠን ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።